ያልተገኘበት ማክሰኞ

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ገብረ ኪዳን አዘዞ ውስጥ ከማኅበሩ አዳራሽ ደጃፍ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ወድቆ ተገኘ። አናቱ ተፈንክቷል፤ በግማሽ የጎደለ የአረቄ ጠርሙስ እጁ አጠገብ ተጋድሟል። ሰፈርተኛው ፍርዱን ለመስጠት ሬሳው እስኪነሣ እንኳ አልጠበቀም። ጠጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ፤ አለቀ።

ማኅበሩ መጠጥ ያቆሙ አሥራ ሦስት ሰዎች በየማክሰኞው እየተሰበሰቡ ጉዳቸውን የሚናገሩበትና እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ነው። መሥራቹ ገብረ ኪዳን ነበር፤ ጠብታ ካልቀመሰ አሥራ አራት ወር አልፎታል። «እሱ ከወደቀማ እኛ ምን ነን?» ያሉ አምስት አባላት ረቡዕ ጠዋት በየስብሰባው ስም የሚጠራበት ደብተር ወዳለበት ወደ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ቤት ሄደው ስማቸውን አሰርዘዋል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ይህን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ግንባሯን አሸች። የደሙ ምርመራ ውጤት የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቁም።

ሁለት ነገር ከንክኗታል። ጠርሙሱ ከሰውየው አፍ ይልቅ ጃኬቱን ነው ያጠጣው። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ መሳቢያው ተከፍቶ የማኅበሩ ክብ ማኅተም ወጥቷል፤ የቀለሙም ክዳን እንደተነሣ ነው። አሥራ ሦስት ሆነው ማኅተም ማስቀረጻቸው ፈገግ ቢያሰኛትም ነገሩን አልተወችውም።

ከስብሰባው ሰዓት ቀድመው የደረሱት ሦስት ናቸው። ሬሳውን ያገኘው መሪጌታ ቀድሞ ተጠየቀ።

«መሪጌታ፣ ሟቹ ድሮ ምን ነበር የሚጠጣው?»

«እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም፣ ልጄ። ቃል አለብን።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«ሲሞትማ ይብሳል። ከቃሌ የሚፈታኝ ማን አለ?»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አምስት ደቂቃ ስናገር ደወል ይደውልብኛል። አምስት ደቂቃ ለእኔ አፍ ማሟሻም አይሆን።»

እስከዳር አመነችው። ከተቀመጠ አርባ ደቂቃ ሆኖታል፤ የነገራት ነገር ግን የለም።

ቀጥላ ወይንሸት ገባች። ቀድሞ ትክል ድንጋይ ከተማ አረቄ እያወጣች ከምትሸጠው የምትጠጣው ይበልጥ ስለነበር፣ የሰፈሩ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«እትዬ ወይንሸት፣ ጠርሙሱን ያውቁታል?»

«ምነው፣ አረቄ ባየሽ ቁጥር እኔን ልትጠሪ ነው?»

«ቦርሳው ውስጥስ ምን አለ?»

«የሴት ጓዝ።»

«እንግዲያው ሟቹ ምን ይጠጣ እንደነበር እንኳ ይንገሩኝ።»

«አያ ገብረ ኪዳን ሸጋ ሰው ነበር። ሌላውን ምያለሁ።»

እስከዳር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አደባባይ ላይ ሰክረው ሚስጥራቸውን ለመንገደኛ ሁሉ ሲዘረግፉ የኖሩ ሰዎች፣ ዛሬ ከካዝና የባሰ ተቆለፉባት።

ሦስተኛው ደመቀ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሹፌር። አምና ጠጥቶ መኪና ስላጋጨ አለቆቹ «አንድ ዓመት ማኅበሩን ተከታትለህ የተፈረመ ደብዳቤ ካላመጣህ ሥራህ የለም» ብለውታል። እሱ ግን ለመናገር አልተለመነም።

«ጋሽ ገብረ ኪዳን? አረቄ ነዋ። ራሱ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ።»

«ስብሰባ ትቀራለህ?»

«አንድም ማክሰኞ አልቀረሁም። ደብዳቤዬንም ባለፈው ሳምንት ፈርሞልኛል።»

በመጨረሻ የሚናገር ሰው አግኝታ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ደስ አላላትም።

ሐሙስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ስማቸውን ያሰረዙትም መጡ።

«ቃል የገባችሁት ገብረ ኪዳን እንዳይዋረድ ነው» አለች። «አሁን የሚያዋርደው ዝምታችሁ ነው።»

መሪጌታ ደብተሩን ከጋቢው ሥር አወጣ።

«ቢራ ብቻ ነበር። አባቱን አረቄ ስለገደለው ሽታው ያስመልሰዋል። አረቄ ባከሰረን ሰዎች መካከል ቢራ አከሰረኝ ማለት አሳፍሮት ኖሮ፣ ግንቦት ላይ ነገረን። ሳቅንበት፤ አብሮን ሳቀ።»

እስከዳር ደብተሩን ገለጠች።

«ሊሰክር የገባ ሰው ማኅተም ምን ያደርግለታል? ማኅተሙ የወጣው ለደብዳቤ ነው። ደብዳቤ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ሰው ነው። አረቄውን ያፈሰሰበትም የቢራውን ወሬ ያልሰማ ነው። የቢራው ነገር በተነገረበት ማክሰኞ ‹ቀሪ› የሚለው አንድ ስም ላይ ብቻ ነው። በዚሁ ስም ላይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ አንድ ጊዜ ይላል። ጓደኞችህ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ተማምነህ ነበር፣ ደመቀ። እስቲ ደብዳቤህን።»

ደመቀ ከኪሱ እያመነታ አወጣው። ማኅተም አለበት፤ ፊርማ የለበትም።

«አንድ ፊርማ ነው የለመንኩት» አለ። «‹ያልነበርክበትን ነበርክ አልልም፤ ከመጀመሪያው ጀምር፣ እኔም አብሬህ አለሁ› አለኝ። እንደገና አንድ ዓመት? ሥራዬስ? ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

«ማኅተሙን ራስህ መታኸው። አረቄውስ?»

«ኪሴ ውስጥ የነበረ ነው።»

ማንም አልተቆጣውም። ያን ኪስ ሁሉም ያውቁታል።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ መሪጌታ በጣቱ ቆጥሮ፣ ደብተሩ ላይ ከገብረ ኪዳን ስም ትይዩ «አሥራ አራት ወር ከሃያ ሁለት ቀን» ብሎ ጻፈ። እስከዳር የአረቄውን ጠርሙስ በላስቲክ ስትጠቀልል ወይንሸት ቀረብ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። ትንሽ ጠርሙስ ናት።

«ይችንም ከዚያኛው ጋር ውሰጅልኝ።»

«ይቺ እንኳ ማስረጃ አይደለችም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ማክሰኞ ሬሳውን አይቼ ስመለስ የገዛኋት ናት። ክዳኗን እይው፤ አልተነካም።»

እስከዳር ክዳኑን አየች፤ ወሰደችላት።