ሳይረጥብ የቀረው ድንጋይ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጥግ ይዞ ከሚስቀው ወገን ነበርኩ፣ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለውን ከጤነኛ ሰው እንደሰማችሁ አትቆጥሩትም። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ሰፈር ውስጥ ዛር ያዛት፣ ቡዳ በላት ሲባል እኔ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው። ሰው የሌለ ነገር አየሁ ካለ የምንሰጠው ስም አለን፣ ስሙን ከሰጠነው በኋላ ሻያችንን እንጠጣለን።

የሚሊኒየሙ ጭፈራ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፣ አርባ ምንጭ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ በአማካሪነት ተቀጠርኩና ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብቻዬን የቀረሁት ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እመኑኝ፣ እንዲያውም ደግነታቸው ነው የጎዳኝ። በጋሞኛ ሲሳሳቁ ቆይተው እኔ ስቀላቀል ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ፣ ያኔ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ እኔም ይህን እያየሁ ቀስ በቀስ መሄዴን ተውኩት። እሁድ ሲመጣ ሞባይሌ ላይ ካርድ እሞላና የምደውልለት ሰው አጣለሁ።

አከራዬ ወይዘሮ አስቴር አንድ ጠዋት፣ «እንግዳህ ቁርስ አይበላም እንዴ?» አሉኝ።

«የምን እንግዳ?»

«ኧረ ተው ልጄ፣ ሰው ማምጣት ነውር አይደለም፣ ሌሊቱን ሲያወራ ነው የሰማሁት» ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ሬዲዮ ሳላጠፋ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሰሞን ምትኩ የሚባል፣ ዳገቱ ላይ ካለው የኦቾሎ መንደር የሆነ ሸማኔ ወደ እኔ ተላከ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን አባቱ ሞተው፣ ሳይደርስላቸው ተቀብረዋል፣ አገሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቃል ከአፉ አልወጣም፣ ምግቡንም እየተወ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። በሩን ዘግቼ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ በተማርኩት መንገድ ሁሉ ሞከርኩት። እሱ ግን እኔን ትቶ ከግራ ትከሻዬ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ያያል፣ ሲገባም ሲወጣም ወደዚያው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል። ዓይን ለዓይን መተያየት ይሸሻል ብዬ ደመደምኩ፣ ዕውቀት መቼም ለሁሉ ነገር መልስ አያጣም።

አጎቱ አቶ አንጁሎ ሽማግሌ ናቸው፣ ዶክተር አይደለሁም ብላቸውም አይሰሙኝም። አንድ ቀን መጥተው፣ «ዶክተር፣ ልጁ እያለቀብን ነው» አሉኝ፣ «ወደ ላይ እንውሰደው። አንተ በር ዘግተህ ለብቻው ትጠይቀዋለህ። እኛ ጋ ለብቻው የሚታመም ሰው የለም። ጎሜ ይሆናል፣ ዱቡሻ ላይ ይነገር።»

ጎሜ የሚሉት፣ እኔ እንደገባኝ፣ በሰውና በሰው መካከል፣ ወይም በሟችና በቋሚ መካከል ሳይታረቅ የቀረ ጥፋት ነው፣ አፍነው ከያዙት ያሳምማል፣ ዱቡሻ ደግሞ ሁሉ ተሰብስቦ የሚነጋገርበት ሜዳ ነው። በሆዴ ብስቅም ልጁ እየሞተ ስለነበር አብሬ ልሂድ አልኩ፣ አንድ ውል ግን አስገባኋቸው፣ ከዱቡሻው በኋላም ካልበላ ይዘነው እንመለስና በአፍንጫው ቱቦ አስገብተን እንመግበዋለን። ቱቦ ሲባል ፊታቸው ጠቆረ፣ ግን እሺ አሉ።

ከሲቀላ ወደ ምዕራብ ዓባያ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ይዘን፣ መገንጠያው ላይ ወርደን ዳገቱን በእግር ወጣን፣ ምትኩን በየመሐሉ እየደገፍነው። አቶ አንጁሎ ቤት ስንደርስ ሚስታቸው ለእኔ በርጩማ አመጡ፣ ከዚያ ሌላ በርጩማ አምጥተው ከጎኔ አስቀመጡ። አንድ ጎረቤት ገብቶ ሊቀመጥበት ሲል ጋቢውን ያዝ አድርገው ሌላ ቦታ አሳዩት። የአገሩ ልማድ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዱቡሻው ላይ ተሰበሰብን። ከዓባያ በኩል ጉም ወጥቶ ሐይቁን ጋርዶታል፣ ደቃቅ ካፊያ ሳያቋርጥ ይወርዳል፣ ሰዉ ግን በየድንጋዩ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ እኔም አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። አቶ አንጁሎ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል። አንዱ ተነስቶ የወንድሙን ድንበር እንደገፋ ተናገረ፣ አንዷ ለባሏ እናት ውሃ እንደነፈገች ተናገረች፣ የምትኩ ታላቅ ወንድም አባታቸው ሲያጣጥሩ ለወንድሙ መልእክት ሳይልክ እንደዘገየ ተናግሮ አለቀሰ። የተነገረው ሁሉ ይቅር ይባላል። እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ ስለ አንድ ሰው ሕመም መንደሩ በሙሉ ጉዱን ሲያወጣ። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ብታመም ማን ነው እንዲህ ካፊያ ላይ የሚቀመጥልኝ?

ምትኩ ግን አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ፣ አቶ አንጁሎ ለመተርጎም አመነቱ።

«ምን አሉ?»

«አብሮህ የመጣው ሰው ለምን አይናገርም፣ ነው የሚሉት።»

«ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ይንገሯቸው።»

ነገሯቸው። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፣ ያስፈራኝም ይሄ ነው፣ ቢስቁ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ሽማግሌው ለእርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር ይዘው መጡ፣ ለእኔ ሰጡኝና የቀረውን በግራዬ ወዳለው ድንጋይ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ዘረጉ፣ እጃቸው ሲመለስ ባዶ ነበር። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። እያዳመጡ ነበር። አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው «ኤ…» እያለ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔ የምሰማው ጃኬቴ ላይ የሚወርደውን ካፊያ ብቻ ነው። እነሱ ጨርሰው ቀና ሲሉ ምትኩ አፉን ከፈተና «አባዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ያን ሁሉ ወር ያፈነውን ልቅሶ እዚያው አወረደው።

ሰው ሲነሳ እኔም ተነሳሁ። የተቀመጥኩበት ደረቅ ነው፣ ያስ ይሁን፣ ከሥሬ አልዘነበም። ከጎኔ ያለው ድንጋይም ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ደረቅ ነበር፣ ዙሪያው ውሃ እያንጠባጠበ። እጄን ባስቀምጥበት ለብ ይላል።

ማታ ምትኩ የቡላ ገንፎ ሲበላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ከቱቦው ስለተረፈ እግዜር ይመስገን፣ ደስታዬ ግን አፌ ላይ ደረቀ። «እኔ ጋ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«አብሮህ ያለው ሁልጊዜ ያናግርሃል፣ አንተ አትመልስለትም» አለኝ፣ ድምፁ ገና ሻካራ ነው። «እኛ ጋ የተኳረፈ ሰው ፊት ሐዘን አይወራም። እስክትታረቁ ነው የጠበቅኩት።»

«ማነው? ዛሬስ ምን አለ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያንተን ነው ያወራው። ከራሱ ካልሰማኸው እኔ አልነግርህም፣ ነውር ነው።» አቶ አንጁሎንም ጠየቅኳቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ውጭ ወጡ።

የሞተብኝን ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩት፣ የበደልኩት ቢኖር አስታውሼ ይቅርታ በጠየቅኩና በተገላገልኩ፣ አላገኘሁም። ሙያዬ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው ብያችኋለሁ፣ ስሙን ለራሴ ሰጠሁት፣ ግን መንደር ሙሉ ሰው አንድ ላይ ያዳመጠውን ነገር ምን ልበለው? ሲቀላ ከተመለስኩ ወዲህ አንዳንድ ማታ ክፍሌ ውስጥ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም። ድሮ ብቸኝነቱ ሲከብደኝ በሬን ዘግቼ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ አሁን ያም ቀረብኝ፣ ሰው ፊት ማልቀስ አልችልም።