ስቅ ያለው ምንጭ

በቅባምድር መንግሥት ጥቁር ዘይት ከመሬት ሲፈልቅ ሰባት ነገሥታት አለፉ። ቅባምድር ዘይት ይሸጣል፤ ጎረቤት ዳቦውን፣ መርፌውን፣ ሙሽራውን ሳይቀር ይልካል። አገሬው በራሱ የሚያመርተው ማዛጋት ብቻ ሆነ።

አንድ ማለዳ ታላቁ ምንጭ «ስቅ!» አለና ደረቀ።

ሊቃውንቱ «ስቅ ካለው ያነሳው ሰው አለ» ብለው ማን እንዳነሳው ሲከራከሩ የዳቦው ጋሪ ቀረ። ትንግርት የምትባል ልጅ ግን ሕፃን ወንድሟ በረሃብ ሲያለቅስ አልቻለችም። ዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ግርማዊ ሆይ! ከምንጩ ሥር ወደሚኖረው ዘንዶ እወርዳለሁ። የወንድሜን ዳቦ ይዤ ካልተመለስኩ መሬት ትዋጠኝ!»

«የምትወርጂው እዚያው አይደል? ሌላ መሐላ አምጪ» አሉ ንጉሥ አጎናፍር። ሆኖም ከአባቶቻቸው የወረሱትን ረጅም፣ ጎባጣ በትረ መንግሥት ሰጧት። ራስ ደንገዞም መብረቅ የሚባለውን፣ ከውጭ አገር ተገዝቶ አንድም ቀን ከአፎቱ ያልወጣውን ሰይፋቸውን ታጥቀው ተከተሏት።

ወርደው ሲደርሱ ዘንዶው ተንጋሎ በጅራቱ ራሱን ያራግባል።

«ዘይቱን መልስ!» አሉ ራስ ደንገዞ፣ ከትንግርት ጀርባ ሆነው።

«የቱን? ላቤን ነው? ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ተመስገን፣ ለቀቀኝ።»

ራስ ደንገዞ ፀጉራቸውን ዳሰሱ። በየጠዋቱ የሚቀቡት እሱን ነበር።

ዘንዶው በትረ መንግሥቱን አየ። «ሞፈሩን ምነው ማረሻ ነሳችሁት?»

«ሞፈር ምንድን ነው?» አለች ትንግርት።

ዘንዶው እስኪያለቅስ ሳቀ። «አያቶቻችሁ ያረሱበት ነዋ! እኔ ሳልታመም በፊት ይችን አገር ያጠገባት ስንዴ ነው። በሉ፣ ብረት ስጡኝና ማረሻ ልሥራላችሁ።»

ሁለቱም መብረቅን አዩት። ራስ ደንገዞ ሰይፉን አቅፈው «አንድ ሰው እንኳ ሳይገድል!» ብለው አነቡ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ለማታ የሚበላው የለውም» አለች ትንግርት።

ራስ ደንገዞ ፊታቸውን አዙረው ሰይፉን አቀበሉ። ዘንዶው በእሳቱ አጎበጠው። ከዚያ ብብቱን ጨምቆ አንድ እንስራ ላብ ሰጣቸው፤ የመጨረሻው ነበር። ትንግርት ግማሹን በሕፃናት ገንፎ፣ ግማሹን በዘር ለወጠችው። ያ ዘር በመኸር ደርሶ ወንድሟ ጠግቦ ሲያገሳ አገር ሰማ።

ዘሩ በተዘራበት ቀን ግን በሬ አልነበረም። ንጉሡና ራስ ደንገዞ ተጠመዱ፤ ትንግርት ዕርፉን ጨበጠች። መብረቅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቁስል መሬት ላይ አደረሰ።

እመሃል ላይ ንጉሡ «ስቅ!» አሉና ቆሙ። «ማን ይሆን ያነሳኝ?»

«መሬቷ ናት፣ ግርማዊ ሆይ» አለች ትንግርት። «ስምዎን ገና ዛሬ መስማቷ ነው። ይጎትቱ!»