አሥራ ሰባተኛው ገጽ

እማማ ቁልፍ ከቤታቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ሲገኙ፣ አስከሬናቸው ገና ሳይነሣ በስልክ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። የመንደሩ የስልክ መልእክት ቡድን አራት መቶ አባላት አሉት፤ አራት መቶውም ያን ዕለት ዳኛ ሆነው ዋሉ። «ስልካቸው ያለው ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ነው» ብሎ አንዱ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! እስከ ቀትር ድረስ የስልክ ጠጋኙ ሱቅ መስተዋት ረግፎ፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሸሽታ ነበር።

መርማሪዋ የቡድኑን ወሬ ከላይ እስከ ታች አነበበችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ወሬ አትጠላም፤ ወሬኛን ግን አታምንም። ከሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው፤ የሟቿ ጎረቤት የመውደቅ ድምፅ የሰማችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሟቿ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ቡድኑን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ በኮምፒውተራቸው ምክር ይጽፉና በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲወጣ ያዘጋጁታል፤ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፣ የልጆቻችሁን ፎቶ አትለጥፉ እያሉ። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። በቅርቡ ግን «የጓዳ ወሬ» የሚባል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ገጽ ተከፍቶ የሰዉን ገመና ያወጣ ጀመር። ማን ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ ማን ከማን ተጣላ፣ አንድም አይቀረው። ከሦስት ቀን በፊትም «እማማ ቁልፍ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው» ብሎ ነበር።

«የምን ዓይን!» አለ አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዱቄቱ እጁ ላይ እንዳለ ከሥራ ሮጦ መጥቷል። «ለእኔ የነገረችኝ ጉልበቷን ነው። ለሰው እንዳትናገር ብላ አስምላኛለች።»

መርማሪዋ ከሟቿ መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አወጣች። «እዚህ ውስጥ ገጹ ላይ ያለው ማህተም ምንድን ነው?»

«የሥራዋ ልማድ ነው። ሌባ የመጀመሪያውን ገጽ ይገነጥላል፤ የተደበቀውን ማህተም ግን አያውቀውም። እሷ ሁልጊዜ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው የምትመታው።»

ጠጋኙን ስብርባሪ መስተዋት መሃል ተቀምጦ አገኘችው።

«ትናንት የስልካቸውን መስተዋት እንድቀይር ሰጡኝ» አለ። «ሲሄዱም ጆሯቸውን እንደሚታከሙ ነገሩኝ። ዛሬ ግን አላየኋቸውም። ማን ያምነኛል?»

«እስካሁን አንተም ራስህን የምታምን አትመስልም» አለችው። «ስልኩን አስቀምጠው፤ እንዳትነካው።»

ሦስተኛ ያነጋገረችው የቡድኑን ምክትል አስተዳዳሪ፣ ፋርማሲስቱን ነው። ፋርማሲው ከሟቿ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ይርቃል።

«ስለ ሕመማቸው ለእኔ ምንም አልነገሩኝም፤ እንደ ሰዉ ሁሉ ከገጹ ነው ያነበብኩት» አለ ባንኮኒውን እየወለወለ። «ቤታቸው ከሄድኩ ወር አልፎኛል። ጠዋት የዛሬ ምክራቸው ሲወጣ የልብ ምልክት አስቀመጥኩ፤ ወዲያው መርዶው መጣ። በእርስዎ ቦታ ብሆን ጠጋኙን እስካሁን አስሬው ነበር።»

«በእኔ ቦታ መሆን ያምርዎታል?» አለችና ወጣች።

መርማሪዋ ወደ ሟቿ ክፍል ተመልሳ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ትገልጥ ጀመር። በስልሳኛው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ካርድ አገኘች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱን ሰዎች እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቿ ፍጹም ጤነኛ ነበሩ፤ ሐኪማቸውን ጠይቄያለሁ» አለች። «የመጽሐፍ ሌባ የሚይዙት በተደበቀ ማህተም ነበር። የሚስጥር ሌባውንም በዚያው መንገድ ነው የያዙት። ለሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ውሸት ነገሩ። ይኸው ካርዳቸው፦ ጉልበት ለእህቴ ልጅ፣ ጆሮ ለጠጋኙ፣ ዓይን ለምክትሌ። የጓዳ ወሬ ገጽ ያወጣው የትኛውን ነው?»

ሁሉም ወደ ፋርማሲስቱ ዞሩ።

«ወረቀት ሰው አይገድልም» ብሎ ሳቀ። «እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም።»

«ስልክዎ ግን መጥቷል።» የሟቿን ቤት የዋይፋይ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህ የትኛው ስልክ መቼ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ይመዘግባል። የፋርማሲዎን ስም የያዘው ስልክ ዛሬ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ገብቶ አንድ ተኩል ላይ ወጥቷል። የበሽተኛ ሚስጥር ማውጣትዎ ቢታወቅ የሥራ ፈቃድዎ ይነጠቅ ነበር። ሟቿ እንደሚያጋልጡዎት ነገሩዎት፤ እርስዎ ለመኗቸው፤ እምቢ ሲሉዎት ገፈተሯቸው። እስቲ ጠዋት ልብ ያስቀመጡበትን ምክር ያንብቡልን።»

ፋርማሲስቱ ስልኩን ከፈተ። የእህታቸው ልጅ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ሰው ቤት ስትሄዱ የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉ። ስልክ የለመደውን ቤት አይረሳም፤ መምጣታችሁንም ይመሰክራል።»

«ልብ ከማስቀመጥዎ በፊት አንብበውት ቢሆን ኖሮ አልመጣሁም ብለው አይዋሹም ነበር» አለች መርማሪዋ።

«ልገድላቸው ብዬ አልነበረም» አለ ፋርማሲስቱ።

ያን ምሽት በቡድኑ ውስጥ በጠጋኙ ላይ የተጻፈው ስድብ አንድ በአንድ ተሰረዘ። ይቅርታ ብሎ የጻፈ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። በማግስቱ ጠጋኙ መርማሪዋን አስፈቅዶ የሟቿን ስልክ በወረቀት ጠቅልሎ ለእህታቸው ልጅ አመጣ።

«መስተዋቱን ቀይሬዋለሁ» አለ። «ውስጡን አልከፈትኩትም።»