የመሐላው ቀንድ

ነጋሪቱ ማንም ሳይመታው ባገሳበት ዓመት፣ ወደ ሰንፔራ መንግሥት ስም የሌለው ደዌ ገባ። ከንፈርን እንደ ዛገ መዳብ አረንጓዴ አድርጎ ትንፋሽ ነጥቆ ይገድላልና ሕዝቡ «ዝገት» አለው። ካህናቱ የሌሊት ወፍን ወነጀሉ፤ ዋሻው ሁሉ ታጠነ። ምስኪን የሌሊት ወፍ፣ እሷ ምን አጠፋች? ዝገቱ እንደሆነ ጭራሽ ባሰበት።

ንጉሡ በአደባባይ ተነሥተው፣ «ምንጩን ያላየ ጎርፉን አይገታም። ይህ ደዌ ከየትኛው አውሬ እንደወጣ ደርሶበት የሚነግረኝ ማነው?» አሉ። ትናንት በግብሩ ላይ ሲፎክሩ ያመሹት መኳንንት መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ያኔ ሐመልማል ወጣች። ዝገት እናት አባቷን በልቶ ያስቀረላት ታናሽ እህቷን ዕንቁን ብቻ ነበር።

«በዕንቁ ነፍስ እምላለሁ፤ ሳላገኘው አልመለስም!» አለች።

በሰንፔራ መንገደኛ ምሎ ሲነሣ የማር ውሃ በመሐላው ቀንድ ይቀዳለታል። መጀመሪያ የሚጋልበው ዘንፎ፣ ያ ክንፋም አጋዘን፣ ይጠጣል፤ ከዚያ ጋላቢው። ዝቃጩን ደግሞ መንገደኛው በሰላም እንዲመለስ ቤት የሚቀረው ሰው ይጨልጣል። ሐመልማልም ዘንፎዋን ሸማልን አጠጥታ፣ ራሷ ጠጥታ፣ ቀንዱን ለዕንቁ አቀበለቻት።

«ጠብታ እንዳታስቀሪ» አለቻት።

ሽማግሌው አዳኝ ጓንጉል ሸማል ላይ ከኋላዋ ተፈናጦ መንገድ መራት። አሸዋ የሚተፋውን በረሃና ድንጋዮቹ የሚያለቅሱበትን ገደል አቋርጠው የዱር ዘንፎዎች ከሚኖሩበት ረግረግ ደረሱ። መንጋው ተሰማርቶ ይግጣል። ሲግጡ ገለጥ የሚለው የሁሉም ከንፈር ውስጡ አረንጓዴ፣ ሁሉም ግን ጤነኛ፣ ሁሉም ድልብ!

ጓንጉል መንጋውን በጣቱ አሳያት። «ልጄ፣ አምና የአገራችን መንጋ በድርቅ ሲያልቅ ምትኩ የተጠመደው ከዚህ ነው። ሸማልም ከነዚሁ ናት።»

ሐመልማል የሸማልን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየች። ከውስጥ አረንጓዴ ነበር። ቀንዱ ትዝ ሲላት «ዕንቁ!» ብላ ጮኸች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባት፤ የተጠጣውን ማን ይመልሰዋል? በእግር ትመለስ ብትል መንገዱ ወራት ይፈጃል፤ በሸማል ብትበር በሽታውን ወደ አገሯ መልሳ መውሰዷ ነው። መላው ሁሉ ጠፋት።

«ሂጂ፣ ከበሩ ውጭ ቆመሽ ንገሪያቸው» አላት ጓንጉል። የእሱም ከንፈር መዛግ ጀምሯል። ዛፍ ተደግፎ ቀረ፤ ዳግመኛም አላየችው።

በሸማል በርራ ከሰንፔራ ግንብ ሥር ወርዳ ቆመች። «የሰንፔራ ሰዎች ሆይ፣ አትቅረቡኝ! አውሬው በየበረታችን ነው። ሞትን ያጠጣን የመሐላው ቀንድ ነው። ቀንዱን ስበሩ፤ ዘንፎዎቹን ወደ ረግረጋቸው ስደዱ!»

ንጉሡ ቀድመው የራሳቸውን ባለ ወርቅ ቀንድ ከግንቡ ላይ ወርውረው ሰበሩ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ሰንፔራ ዳነች። ሐመልማል ግን ዓይኗ ከግንቡ ጫፍ አልተነሣም።

ዕንቁ ግንቡን ተደግፋ ብቅ አለች። ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኗል። እህቷን ስታይ ፊቷ በራ።

«እህትዓለም፣ ጠብታ አላስቀረሁም» አለች። «ይኸው፣ ተመለስሽልኝ።»