ባለ ሁለት ጎማው ቤት

በያጁ ጎማ የሚገጠምባቸውን ሁለት አክሰሎች ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን አጋድሟቸዋል። አንደኛው ከጭነት መኪና የወጣ፣ እንደ ግንድ የወፈረ ነው። ሌላው ከነሱ መኪና ጋር መንታ ከሆነች፣ ተገልብጣ ከተጣለች አሮጌ መኪና የተፈታ ቀጭን ነው።

«ወፍራሙን ነው የምበይደው» አለ። «ቤት ነው የሚሸከመው፣ ቅርጫት አይደለም።»

«ቀጭኑን» አለች ሚስቱ። «የሱ ጎማ ለመኪናችንም ይሆናል። መንገድ ላይ አንዱ ይፈነዳል። ከዚያ ተቀያሪውም ይፈነዳል። የጭነት መኪና ጎማ በረሃ ላይ ከየት ታመጣለህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሟርትሽ እኮ ገና ሳይገጠም ያፈነዳል!»

ሳቀ፤ ግን ቀጭኑን በየደው። እሷ አልሳቀችም። አከራያቸው ዕቃቸውን አውጥቶ ደጅ ከደረደረበት ቀን ወዲህ ሳቅም ልቅሶም ጥሏት ሄዷል። የቀራቸው ከበረሃው ማዶ ያለው የምንጭ ጠባቂነት ሥራ ብቻ ነበር። ሥራው ማደሪያ የለውም፤ ቅዳሜ እስከ ቀትር ማደሪያውን ይዞ ቀድሞ ለደረሰ ይሰጣል ተብሏል። ተጎታቿን ቤት የሠሩት ለዚህ ነው። ካልቀደሙ መመለሻ የላቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ወጡ። በያጁ መሪውን ያዘ፣ ልጃቸው ከኋላ ተቀመጠች። በቆሙ ቁጥር ወርዳ የተጎታቿን ጎማ መሃል በመዳፏ የምትነካው እናት ሆነች። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ሲበላሽ መጀመሪያ ይግላልና። «ክፉን ቀድሞ ማየት ላንቺ የተሰጠ ነው» አላት ባሏ።

በመጀመሪያው ቀን የአሸዋ ነፋስ መጣ። ሰማዩ ወረደ፣ መስታወቱ ተፋቀ፣ ተጎታቿ እንደ ሰከረ ሰው ከወዲያ ወዲህ ተላጋች። በያጁ እየጮኸ ነዳ፤ ልጅቷ ጸለየች። እናት ፊት ለፊቷን አየች። ይህን ነፋስ ለሳምንት ስትፈራው ከርማ፣ ሲመጣ ግን የሚፈራው ልቧ ቦታው ላይ አልነበረም።

ነፋሱ ሲያልፍ ወርዳ ጎማውን ነካች። «ደህና ነው።» በማግስቱም ሁለት ጊዜ «ደህና ነው» አለች። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ከጎኗ እጇን ሰዳ በጩኸት መለሰችው።

«እማዬ! ይሄ እኮ እሳት ነው!»

እናት መዳፏን ገልብጣ አየችው። ሃያ ዓመት በልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፤ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ሙቀት ከተሰናበተው ቆይቷል። ከሦስቱ አንዳቸውም ይህን አላሰቡም ነበር።

ኩሽኔታው ደቆ ወጣ። እሷ ሁለት መለወጫ በካልሲ ጠቅልላ ይዛ ነበርና በያጁ በክሪክ አንስቶ አዲሱን ገጠመ። በዚህ መሃል ለዚያው ሥራ የሚሽቀዳደመው የሰፈራቸው ደላላ፣ ጮሌው፣ ትንንሽ ጎማ ያላት የምታብረቀርቅ ተጎታች እየሳበ ደረሰ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እርዳታ ልላክ ወይስ ቀባሪ?»

መልስ ሳይጠብቅ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

አቧራው ሲገለጥ ከቁጥቋጦው ሥር አንድ ጎሽ ቆሟል። በያጁ ልጁን ይዞ መኪናው ጣራ ላይ ወጣ። ጎሹ መሬቱን ቧጠጠ። እናት ግን የጎማውን ዳዶዎች እያጠበቀች እዚያው እንደተንበረከከች ነበረች።

«ነይ ውጪ! በእናትሽ፣ ነይ!» አለ ባሏ ከላይ።

«አንድ ዳዶ ቀርቶኛል።»

አጠበቀችው። ጎሹ ትንፋሹ ትከሻዋን እስኪያሞቃት ቀረበ፣ አሸተታት፣ የሚዋጋው ነገር እንዳጣ ዓይነት ዞሮ ገደሉን ወረደ። በያጁ ከጣራው ሲወርድ እሷ ክሪኩን ወደ ቦታው መለሰች።

ቅዳሜ ረፋድ ወንዙ ላይ ደረሱ። መሻገሪያው አንድ ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ጮሌው ነበረ። ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ተወትፈዋል፣ ውሃው እየጨመረ ነው።

«ወንድሜ!» አለ ጮሌው በያጁን፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ። «ከኋላ ትንሽ ብቻ ግፋኝ! ማዶው ቅርብ ነው!»

በያጁ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«ወደ ማዶ ከገፋነው ቀድሞን ይደርሳል።»

«እና ይስጠም?»

«አይስጠም። ወደ ኋላ እንጎትተው።»

ጮሌው ሰማ። «ምነው እትዬ! እንዲህማ አይደረግም!»

«ወደ ፊት ስትሄድ አይደል እንዴ የተቀረቀርከው?»

ተጎታቻቸውን ፈቱ፣ የመኪናቸውን ጀርባ ወደ ወንዙ አዞሩ፣ ገመድ አሰሩ። በያጁ ሳበ፤ እናትና ልጅ ከውሃው ውስጥ ሆነው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሱ። ጮሌው እየተራገመ እየገፋ፣ እየገፋ እየተራገመ፣ ከነመኪናው ወደ መጣበት ዳር ወጣ። የሱ ሞተር ውሃ ጠጥቶ ሲያስነጥስ እነሱ ተጎታቻቸውን መልሰው ቆልፈው፣ ውሃውን ሰንጥቀው ተሻገሩ።

ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ምንጩ ጋ ቆሙ። ሥራውን የሚለቁት ሽማግሌ ጠባቂ ቤታቸውን ዞረው አዩ፣ ጎማዎቹን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እሱ በየደው፣ እኔ ፈራሁለት» አለች።

ሽማግሌው ሳቁና የፓምፑን ቁልፍ ሰጧት። በያጁ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናት የተጎታቿ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ቀጥሎ የሚመጣውን ክፉ ነገር ፈለገች። አንድም አላገኘችም።

ልጇ አጠገቧ መጣች። «እማዬ፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

አሰበችበት፤ ደረቷ ውስጥም ፈተሸች።

«ቆይ እስኪ» አለች። «ደስታው ገና መንገድ ላይ ነው።»