ሳይታይ የተቀበረው

«ቲቸር፣ ሶረቲ ባዶ እጇን ነው የመጣችው» ብሎ ባቻ አሳበቀባት።

በነቀምቴው የካቶሊክ ቁምስና የቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል፣ እያንዳንዱ ልጅ እግዚአብሔር ከፈጠረው አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ታዝዞ ነበር። ባቻማ በካርቶን እስስት ይዞ መጥቶ ሴቶቹን ሲያሯሩጥ ነው ያረፈደው። አስተማሪያቸው ዋጋሪ ሶረቲን አልተቆጣትም። እስስቷን፣ የማንጎውን ቅጠል፣ ድንጋዩን እያነሣ፣ ፈጣሪ የሠራውን ሁሉ እንዳየ፣ እጅግ መልካም ሆኖ እንዳገኘው፣ ከሥራውም የጎደለ እንደሌለ አስረዳ።

«ከንፈሩ የተሰነጠቀስ?» አለች ሶረቲ፣ ሳታስበው።

ልጆቹ ሳቁ። ዋጋሪ አልሳቀም። «እሱንም አይቶታል። ቶሎ የሚሸሸው የእኛ ዓይን ነው» አላት።

የሷ ዓይን አልሸሸም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እናቷ ሎሚ ያለ ወሯ ስትገላገል፣ የሕፃኑ ከንፈር እስከ አፍንጫው ተከፍሎ ነበር። አክስቷ «ጎደሎ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ትንፋሹ ሲደክም፣ ቄስ ቢጠራ እንደማይደርስለት ሶረቲ ገባት። እንዲህ ሲጨንቅ ማንም ሰው ማጥመቅ እንደሚችል ዋጋሪ አስተምሯቸዋል። በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ግንባሩ ላይ አፈሰሰች።

«ኬኔ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

የሰማቻት እናቷ ብቻ ናት።

አባቷ ጂሩ ከመናኸሪያ ሥራው ሲደርስ ሕፃኑ ሞቶ ነበር። አክስቷ የነገረችው በቃው፤ ጨርቁን ሳይገልጥ ወስዶ ቀበረው። ጎረቤት ከጠየቀ ሞቶ ነው የተወለደው በሉ አለ። ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሎሚ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ሰነበተች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሶረቲ የኬኔን ስም በቁምስናው መዝገብ እንዲያስጽፍላት ልትነግረው ዋጋሪን ጠበቀችው። ነገር ግን አባቷ ውሸቱ መታወቁን ከሰው አፍ ሲሰማ ታያት። ሳትነግረው ወደ ቤት ሄደች።

ጂሩ የአጥሩን ሽቦ ሲጠግን አገኘችው።

«አባኮ፣ ሞቶ አልተወለደም። አጥምቄዋለሁ። ስሙ ኬኔ ነው።»

ጂሩ ሽቦውን መጠምዘዝ ተወ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች።

«እኔ እኮ አላየሁትም» አለ። «ፈራሁ።»

ስሙን እንዲያስጽፍላት እሁድ ለዋጋሪ እንደምትነግረው አልደበቀችውም። ንገሪም አትንገሪም አላላት። ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሶረቲም አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ከወንድሟ የእግር ጣቶች ተነሥታ፣ ምንም ሳታስቀር መልኩን ትነግረው ጀመር።