ያልተቆጠረው ኮረብታ

ኦርቪል ታኬት በገዛ ቤቱ በር ላይ፣ በካልሲ ብቻ፣ ኩርምት እንዳለ ደርቆ ተገኘ። ውርጩ ቅንድቡን አንጥቶታል። የበረንዳው ወለል ላይ አንድ እቅፍ ፍልጥ ተበትኗል። የቀኝ እጁ እንደ ተጨበጠ ቀርቷል፤ የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ደም ቋጥሯል። ቨርና ስቶዳርድ ጎንበስ ብላ ያንን እጅ አየችው። ሰውየው እስኪሞት ድረስ ሲያንኳኳ ነበር።

ቨርና የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ ናት። እዚሁ ኦሃዮ፣ እነዚሁ ኮረብታዎች ሥር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የማታውቀው ሰው የለም። ሟቹንም ታውቀዋለች፤ ኃይለኛ፣ ቆጣቢ፣ ለልጅ ልጁ ለሮዛሊ ብቻ የሚሸነፍ ሽማግሌ ነበር።

የሟቹ ሴት ልጅ ሌኖራ ወጥ ቤት ውስጥ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ተቀምጣለች። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው።

«ሌሊቱን የት አደርሽ ሌኖራ?»

«መንገዱ በረዶ ሠርቶ እምቢ አለኝ። መጦሪያው ግቢ መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ሲነጋ መጣሁና አባዬን… አየሁት። በጓሮ በር ገብቼ ደወልኩላችሁ።»

«የጓሮው በር ክፍት ነበር?»

«እሱ መቼ ተዘግቶ ያውቃል!»

ቨርና በሮቹን አየች። የፊቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። የጓሮውም መቀርቀሪያ አለው፤ በውጭ በኩል ግን አንዱም በር ቁልፍ የለውም። የኦርቪል ቦት ጫማ ከፊቱ በር አጠገብ፣ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ተመልሳ ወጣችና የሬሳውን እግር ቀና አድርጋ አየች። የካልሲው መርገጫ ተቦጫጭቆ ጠጠር ተሰክቶበታል። ጠጠር ያለው ደግሞ ወደ ጓሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻ ነው።

«ማን ይመስልሻል?» አለቻት ተመልሳ።

«ከርቲስ ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

ከርቲስ የሮዛሊ አባት ነው። እናቷ የሌኖራ እህት ነበረች፤ ልጅቷ ገና በዳዴ ሳለች ሞተች። ከርቲስ ሌላ አገባና ልጅቷን አያቷ ቤት ተዋት። ያሳደገቻት ሌኖራ ናት።

«እሱ ምን ይጠቀማል?»

«ምን አውቄለት! እኔ የማውቀው ልጄ ሮዛሊ ኮሌጅ ተቀብሏት ሳትሄድ ልትቀር መሆኑን ነው። ኮሌጁ የሰጣት የክፍያ እርዳታ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ቤተሰቡ መክፈል ይችላል አሉ። ቤተሰቡ! እኔ የሽማግሌ ሽንት ጨርቅ የምቀይር ሴት! የአባዬን ኮረብታ እንደ ሀብቷ ቆጥረውባት ነው። ሽጥላት ብዬ ለመንኩት። ለቤተ ክርስቲያን ነው የማወርሰው አለኝ።»

ቨርና ስትደርስ ጎረቤታቸው በርል ጋጣው ውስጥ ነበር። ለኮረብታው ዛፎች ሲል ዕድሜውን ሙሉ ሽጥልኝ ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ስጠይቀው ውሻ ይለቅብኝ ነበር፤ ያ ክፉ ሽማግሌ!» አለና ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «ቨርናዬ፣ ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ?»

«ሬዲዮው አብሮ ይጮህ ነበር፤ መዝሙር። ሚስማር እየመታ የሚዘምር መሰለኝ። አሁን ስበላ ይሰማኛል። ላሟን ሳልብ ይሰማኛል። ሚስቴን ማነው የሚያንኳኳው እላታለሁ፤ ማንም የለም ትለኛለች።»

ከርቲስ በተጎታች ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጠበቃት። ጋዝ ቁፋሮ ላይ የሚሠራ፣ ደኅና ደሞዝ ያለው ሰው ነው።

«ካቴናውን ይዘሽ መጣሽ ወይስ ልታላግጪብኝ ነው?»

«እንደ አመላለስህ ነው። ሽማግሌው ቤት ሄደህ ነበር?»

«አብደሻል? ያለ ጠመንጃ በር ከፍቶልኝ አያውቅም! ኮረብታውን ብለሽ ከሆነ ለሮዛሊ ነው ያወረሰው፤ ተስፋ እንድንቆርጥ ብሎ ጠበቃው ፊት ምስክር ያደረገው እኔንና በርልን ነው። ለሌኖራ እንዳትነግሯት፣ ቅር ይላታል ብሎ አስምሎናል።»

«ኮሌጁስ ለሮዛሊ እርዳታ ብሎ ምን ጠየቀህ?»

«ደሞዝህን አለኝ፤ ላክሁለት።»

«ትከፍልላታለህ?»

ከርቲስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ትንንሽ ልጆቹ ጩኸት ዞረ። «እነዚህስ?» አለ።

ቨርና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከዚያ ኮሌጁ ጋ ደወለች።

በነጋታው ሁሉም በኦርቪል ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ሮዛሊ በዚያ ሌሊት ከነበረችበት የመዘምራን ጉዞ ተመልሳ አክስቷ ላይ ተለጥፋ ተቀምጣለች። በርልና ከርቲስ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከኮሌጁ የተማሪዎች እርዳታ ክፍል የመጣው ሂዩ ፕራት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥግ ይዟል። የሟቹን ወንበር ማንም አልነካውም።

«ኦርቪል ጫማ ሳያደርግ ፍልጥ ሊያመጣ ወጣ» አለች ቨርና። «ሲወጣ ቤት ውስጥ ሰው ነበር፤ በሩን ከኋላው የቀረቀረው። ከርቲስን ቤቱ ትቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይወጣል?»

«አይወጣም» አለ በርል። «እኔንም ቢሆን።»

«አንኳኳ። እምቢ ሲለው በጠጠሩ ዞሮ ወደ ጓሮ ሄደ። ካልሲው ይመሰክራል። የጓሮው በር ክፍት ቢሆን ኖሮ ገብቶ ምድጃው ዳር ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬም ይሰድበን ነበር። ግን ተመልሶ የፊቱ በር ላይ ሞተ። ስለዚህ ሌሊት ሁለቱም በር ተቀርቅሯል። ጠዋት የጓሮው ክፍት ነው። ውስጥ ያለው ሰው ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቆ በጓሮ ወጥቷል ማለት ነው።»

ሮዛሊ ከአክስቷ ትከሻ ላይ ራሷን ቀና አደረገች።

«ሬዲዮው አስቸገረኝ» ቀጠለች ቨርና። «የሚጠላው ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር። መዝሙር አስጩኾ ጆሮውን የሚደፍን የሚወደው ሰው ነው። ከዚያ በሞቱ ማን ምን ያገኛል አልኩ። ከርቲስም በርልም መሬቱ ለሮዛሊ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሷ ደግሞ ከአያቷ ብሳ አልሸጥም ባይ ናት። እሱ ሲሞት መሬቱ ለቤተ ክርስቲያን ሄዶ ልጅቷ ድሃ ሆና ትቀራለች፣ ኮሌጁም ያዝንላታል ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌኖራ፣ መኪናሽ ውስጥ አልተኛሽም።»

ሌኖራ አልካደችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«መጀመሪያ እየሳቀ ነበር ያንኳኳው» አለች። «ቀልድ መስሎት። ‹ሌኒ፣ እግሬ በረደኝ፣ ተይ እንጂ› አለኝ። ልከፍትለት ተነሳሁ። ደግሞ ልጅቷ ትዝ አለችኝ፤ ሬዲዮውን ከፈትኩ።» ወደ ፕራት ዞረች። «እርስዎ ይንገሯቸው። ኮረብታውን ቆጥራችሁባት አይደል?»

ፕራት ባርኔጣውን አዟዟረ። «እመቤቴ፣ ኮረብታውን ከነጭራሹ አልጠየቅንም። የአያት ሀብት አንጠይቅም። በሕግ ልጄ ብሎ ካልወሰዳት በቀር አያት አይቆጠርም። የምንቆጥረው በሕይወት ያለ ወላጅን ነው። የከርቲስን ደሞዝ ነው የቆጠርነው።»

«ሰባራ ሳንቲም የማይሰጣትን?»

«መስጠቱን አናይም። መስጠት መቻሉን ነው የምናየው።»

ሮዛሊ ቀስ ብላ ከአክስቷ አጠገብ ተነሳች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ኮሌጁ ጋ ደውዬ ነግረውኛል። አክስቴ፣ ያልነገርኩሽ… አባቴን ትገድለዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ፕራት ማለት ያለበትን በግድ አወጣው። «አሁን ግን መሬቱ በስምሽ ነው። በተማሪ ስም ያለ ሀብት ከወላጅ ሀብት ይልቅ ይከብዳል። የሚቀጥለው ዓመት እርዳታሽ ይቀንሳል። እንዲያዩልሽ አመለክታለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።»

«በርል፣ ኮረብታውን ውሰደው» አለች ሮዛሊ።

«አሁንስ በነፃም አልፈልገው ልጄ» አለ በርል፤ ዓይኑን ወደ በሩ ላለመላክ እየታገለ።

«ማን አሳደገሽ ብላችሁስ ትጠይቃላችሁ?» አለች ሌኖራ ፕራትን።

«አንጠይቅም» አለ ፕራት።

ቨርና ሌኖራን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። በሩን ስትከፍተው ብርዱ ወጥ ቤቱን ሞላው።

ሮዛሊ አባቷ ፊት ቆመች። እንዲህ ቀርባው አታውቅም።

«የተቆጠርከው አንተ ነህ» አለችው። «አክስቴ አይደለችም፣ አያቴ አይደለም። አንተ።»

ከርቲስ ወደ ፕራት ዞረ።

«ስንት ነው የጎደለው?» አለ።

ሌኖራ ይህን የሰማችው እጇ ታስሮ በረንዳው ላይ ከቆመች በኋላ ነው።